የክረምት እረፍት ትዝታችሁን ጣል አድርጉ፤ አንድ ብቻ፣ ትንሽ ነገር

ካፊያ
ሐምሌ 27፣ ማታ

መብራት ጠፍቷል። ዝናቡ አላባራ ብሏል። የስልኬ ባትሪ ሳያልቅ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ።

ተማሪ እያለን ከሰኔ 30 እስከ እንቁጣጣሽ የነበረውን ጊዜ አስቡት። ደብተር የሚወረወርበት፣ ዩኒፎርም ታጥፎ የሚቀመጥበት። ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። "ድሮ ፍቅር ነበር፣ ሰው ይዋደድ ነበር" የሚለውን ለሌላ ቀን አቆዩት። እሱን በየለቅሶ ቤቱ እንሰማዋለን። እኔ የምፈልገው የሚዳሰስ ነገር ነው። ዕቃ፣ ድምፅ፣ ሽታ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ።

ልጀምር። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው፣ እንጦጦ ሥር። እዚያ ዝናብ በድንገት አይመጣም፤ ሲመጣ ይታያል። መጀመሪያ ተራራው ይጠፋል። ቀጥሎ ባሕር ዛፉ። ከዚያ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ቆርቆሮ መንጫጫት ይጀምራል። እኛ ጋ እስኪደርስ ከገመድ ላይ ልብስ ለማንሳት የምትበቃ ጊዜ አለች። እናቴ "ልብስ!" ብላ ስትጮህ ሁላችንም እየተጋፋን እንወጣለን።

አንዴ ቆርቆሮው ላይ ከወረደ ሰው ለሰው አይሰማማም። አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። እኛ በእጅ ምልክት እናወራለን። ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ይታወቃል። ለየቀዳዳው የተመደበ ዕቃ ነበረው፤ አልጋው አጠገብ ሳፋ፣ በሩ ሥር የዱቄት ወተት ጣሳ። ጣሳው ድምፁ ቀጭን ነው፣ ሳፋው ጎርናና። ውሃ ሲይዙ ድምፃቸው ይለወጣል። ጨለማ ውስጥ ተኝቼ የትኛው ሊሞላ እንደደረሰ በጆሮዬ አውቅ ነበር። ተነስቼ ግን አልደፋም። ታላቄ እስክትነሳ እጠብቃለሁ።

አሁን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ መዝነቡን የማውቀው በመስኮት ሳይ ነው። በሉ፣ ተራው የናንተ።

ጥቁር ቦቲ
ሐምሌ 27፣ ማታ

የኔ ራሱ ሰኔ 30 ነው።

ዓመቱን ሙሉ "ሰኔ 30 እንገናኛለን!" እያለ ሲያስፈራራኝ የከረመ ልጅ ነበር። የክፍል ኃላፊ ሆኜ ስሙን ረባሽ ብዬ ስለጻፍኩት ነው። ቀኑ ደረሰና ካርድ ተሰጠ። እኔ በዋናው በር አልወጣም ብዬ በጀርባ ዞርኩ። አጥሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ለካ እሱም ከሰው ተደብቆ ነው፤ ካርዱን ይዞ ያለቅሳል። ወድቋል።

የኔን አውጥቼ አሳየሁት። የኔም ቀይ በቀይ ነበር። ዱላው ተረሳ። ቤት ምን እንደምንል እየተመካከርን በካፊያ ስንዞር ዋልን። "መምህሩ ከሌላ ልጅ ጋር አምታቶብኝ ነው" እንድንል ተስማማን። ሁለታችንም ያንኑ አልን፤ ሁለታችንም ተገረፍን። በማግስቱ እናቶቻችን ወፍጮ ቤት ተገናኝተው ታሪኩን ሲያመሳክሩ ደግሞ እንደገና ተገረፍን።

ልጁ አሁን የልጄ ክርስትና አባት ነው።

ስደተኛው ድመት
ሐምሌ 28፣ ከሌሊቱ

በቆሎ ያላለ ሰው እንዳይኖር ብዬ እየተጣደፍኩ ነው።

ነሐሴ ሲገባ፣ አስፋልት ዳር፣ ከሰል ላይ። ነገር ግን የኔ ትዝታ መብላቱ አይደለም፤ መምረጡ ነው። አክስቴ በቆሎ ስትገዛ ቅጠሉን ከጫፉ ገለጥ አድርጋ አንዷን ፍሬ በጥፍሯ ወጋ ታደርጋለች። ወተት ፊጭ ካለ ለጋ ነው፣ ለቅቅል። ካላለ የጠነከረ ነው፣ ለጥብስ። ሻጯ "ኧረ እትዬ፣ ሁሉንም ወጋሽብኝ!" ትላለች። አክስቴ መልስ አትሰጥም፣ ቀጣዩን ትወጋለች። እኔ ፌስታል ይዤ ቆሜ አፍራለሁ።

እዚህ አገር ሱፐርማርኬት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ግራ ቀኝ አይቼ እወጋለሁ። ሁልጊዜ ወተት አለው። በቆሏቸው ስኳር ነው፣ ከሰል ላይ ቢያስቀምጡትም አይሆንም።

አዶሌሳ
ሐምሌ 28

እናንተ ስለ ዝናብ ስታወሩ እኔ እንግዳ ሆንኩ። የያቤሎ ልጅ ነኝ።

ቦረና ውስጥ ዋናው ዝናብ ጋና ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል። እናንተ ዣንጥላ ስትፈልጉ እኛ አዶሌሳ ላይ ነን። ሰማዩ ይደምናል፣ ይበርዳል፣ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ቀጥሎ ሐጋያ ሲመጣ ነው እንደገና የሚያርሰን። ትምህርት ቤት ግን የሚዘጋው ከናንተ ጋር እኩል ነው። ፈተና ላይ "በክረምት ወቅት አገራችን ከፍተኛ ዝናብ ታገኛለች" የሚል ጥያቄ ይመጣል። በመስኮት አቧራውን እያየን "እውነት" ብለን እንሞላለን።

የኔ ነገር ኤላ ነው፤ የውሃ ጉድጓድ ማለት ነው። የቱላ ጉድጓዶችን የሰማ ይኖራል። እጅግ ጥልቅ ናቸው። ሰዎች ከሥር እስከ ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ይቆሙና ባልዲ እየተቀባበሉ ውሃ ያወጣሉ። እየዘፈኑ ነው የሚያወጡት፤ ዜማው ከሌለ እጁ ይሳሳታል። ኩሬው ሁሉ ሲደርቅ ከብቱ ወደዚያ ስለሚዞር የትምህርት ቤት እረፍት ማለት ለኛ እዚያ መሄድ ነበር።

ትንሽ ስለነበርኩ ወደ ታች አያስገቡኝም። ሥራዬ ገንዳው ጋ ጥጃ መከልከል ነው። ከመሬት ሥር የሚመጣውን ዘፈን እሰማለሁ፣ የሚዘፍኑትን ግን አላያቸውም። ከነዚያ ድምፆች አንዱ የአጎቴ ነው። ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ሲል ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር፤ ያ ሁሉ ድምፅ ከዚህ ቀጭን ሰውዬ ነው እንዴ የወጣው?

ካፊያ
ሐምሌ 28

@አዶሌሳ ጥያቄውን ስጽፍ አገሩ ሁሉ እርጥብ ነው ብዬ ነበር የተነሳሁት። እሰይ መጣህ። ባልዲው ድሮ ከቆዳ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አንተ ደርሰህበታል?

አዶሌሳ
ሐምሌ 28

ኦኮሌ ይባላል። የቀጭኔ ቆዳ ነው የሚሉት ሽማግሌዎች ናቸው። በኔ ጊዜ ጀሪካን ተቆርጦ ነበር የሚሠራው። ዘፈኑ ግን ያው ነው።

አራሚው
ሐምሌ 28

"እረፍት" የምትሉት ነገር የከተማ ሰው ነገር ነው። ሳልናገር አላልፍም። ምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ቤት ነው ያደግኩት። እኛ ዘንድ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራ ይከፈታል። ሐምሌ ላይ የጤፍ ማሳ በከብት ይረገጣል፤ ጤፍ ይዘራል። ከዚያ አረም። ጤፍ ሲታረም ጎንበስ ብሎ ነው፣ ቀኑን ሙሉ፣ እግር ጭቃ ውስጥ። ሣሩን ከጤፉ መለየት ራሱ ትምህርት ነው። ታላቅ ወንድሜ ተሳስቼ ጤፍ ከነቀልኩ በአረሙ እሽግ ጀርባዬን ይለኝ ነበር።

ትንሽ ነገር ካላችሁ ግን፣ ገሳ። ከሣር የተሠራ የዝናብ መከላከያ ነው፤ ከራስ እስከ ወገብ ይሸፍናል። ከብት ስጠብቅ ዝናቡ ሲመጣ ገሳዬን ደፍቼ ቁጭ እላለሁ። ከውጭ ሲያዩኝ ትንሽ የሣር ክምር ነኝ። ውስጡ ጨለም ይላል፤ ደረቅ ሣር ይሸታል። ዝናቡ ከላይ ይንሾሻል እንጂ አይገባም። ኪሴ ውስጥ ገብስ ቆሎ አለ። ውሻችን መጀመሪያ ከውጭ ቆሞ ያየኛል። ቀጥሎ አፍንጫውን ያስገባል። ቀጥሎ ጭንቅላቱን። መጨረሻ ላይ እሱ ውስጥ፣ እኔ ግማሽ ጎኔ ውጭ። እርጥብ ውሻ ምን እንደሚሸት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ያንን ሽታ ዛሬም አልጠላውም።

ሊስትሮ ነበርኩ
ሐምሌ 29

@አራሚው ልክ ብለሃል። እኔ ከተማም ሆኜ እረፍት አላውቀውም። ለመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም መግዣ በክረምት ይሠራል። ሥራዬ ሊስትሮ ነበር።

ክረምት ለሊስትሮ ሁለት ፊት አለው። ሲዘንብ ማንም አይቀመጥም። ሲያባራ ደግሞ ጫማው ሁሉ ጭቃ ነው፣ ሰልፍ ነው። ስለዚህ ሰማይ ስናይ እንውላለን። በረንዳ ሥር ስንጠለል ዘበኛው ያባርረናል፤ ሳጥናችንን ታቅፈን ወደ ቀጣዩ በረንዳ እንሮጣለን።

የኔ አንድ ነገር የነሐሴ 14 ቀን 1996 ማታ ነው። ቡሄ በዋለ ማግስት። አቴንስ ኦሎምፒክ፣ የወንዶች 10 ሺህ። አንድ ካፌ መስኮት ላይ ፊታችንን ለጥፈን ቆመናል። መስታወቱ በትንፋሻችን ይጋረዳል፣ በእጅጌ እንጠርጋለን፣ ደግሞ ይጋረዳል። ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ እየዞሩ ኃይሌን ያያሉ። ኃይሌ እግሩን አሞታል። ቀስ ብለው ጠበቁት። እኛ ውጭ ሆነን "ና! ና!" እንላለን።

ባለቤትየው በሩን ከፈተና "ግቡ፣ ግን ሳጥን ውጭ" አለን። ሳጥን ትቶ መግባት ደግሞ አይታሰብም፤ ሀብታችን ነው። አየንና አየን። በመጨረሻ አንዱ ጓደኛችን "እኔ እጠብቃለሁ፣ በመስታወት አያለሁ" አለ። ገባን። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ሦስተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ። ካፌው ተገለበጠ። የማላውቀው ሰውዬ አንስቶ ወደ ላይ ወረወረኝ። በመስታወቱ በኩል ያ ጓደኛችን ብቻውን ሳጥኖቹ መሃል ሲዘል አየሁት። ድምፁ አይሰማም፣ መዝለሉ ብቻ ነው የሚታየው።

የአያቴ ልጅ
ሐምሌ 29

ኦሎምፒክ ከተነሳማ የነሐሴ 1 ቀን 1984ን ማታ ማን ይተወዋል? ባርሴሎና። ደራርቱ ቱሉ። ከጥቁር አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ።

አያቴ ፍልሰታን ጾማ ደክሟታል፤ የመጀመሪያው ቀን ነው። ጎረቤት ቴሌቪዥን ልታይ አትወድም ነበር፣ ያን ቀን ግን መጣች። ደራርቱ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጥላት ስትገባ ሰው ሁሉ እልል አለ። ከዚያ ሁለቱ ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ አያቴ ዝም ብላ አየች። "ይቺ ፈረንጅ ደግሞ ምኗ ናት?" አለች። የተሸነፈችው ናት አልናት። "ውሸት ነው። የተሸነፈ ሰው እንዲህ አይስቅም። ጎረቤቷ ናት።"

እስክትሞት ድረስ የደራርቱ ጎረቤት ነበረች።

ጡረተኛው
ሐምሌ 30

ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የልጅ ልጄ አሳየችኝና እኔም ልሞክር አልኩ።

የኔ ክረምት የ1967ቱ ነው። የዕድገት በኅብረት ዘማች ነበርኩ። ታኅሣሥ ላይ ዘመቻው ሲጀመር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አርሲ ደረሰኝ፣ ጭላሎ ተራራ ከሩቅ የሚታይበት መንደር። የካቲት 25 የመሬት አዋጅ ወጣ። ገበሬ ማኅበር ስናደራጅ ክረምቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር ብዙ ይባላል፤ ግማሹን እኔም እላለሁ። የተጠየቀው ግን ትንሽ ነገር ስለሆነ ወደሱ ልሂድ።

ያረፍንበት ቤት አባወራ ጭሰኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከምርታቸው ለባላባት ሲያስገቡ ኖረዋል። አንድ ማለዳ ቀሰቀሱኝ። ጭጋጉ አልገፈፈም። ማሳቸው ዳር ወስደውኝ ዝም ብለው ቆሙ። ምን እንደምንጠብቅ አላወቅኩም። ከዚያ ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። የገብስ ዘር ነው። አንድ እፍኝ ሰጡኝና በኦሮምኛ "በትን" አሉኝ፤ ያኔ ጥቂት ለምጄ ነበር።

የከተማ ልጅ ነኝ፤ በተንኩ ብዬ አንድ ቦታ ከመርኩት። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዘመቻው ሳያልቅ ገብሱ በቀለ። ከማሳው መሃል አንዲት ቦታ ብቻ ችምችም ብሎ፣ ተፋፍጎ። ሳይነቅሉት ተዉት። እንግዳ በመጣ ቁጥር በከዘራቸው እየጠቆሙ "ያ የተማሪው ነው" ይሉ ነበር።

ጥቁር ቦቲ
ሐምሌ 30

ጋሼ፣ እባክዎ ደጋግመው ይጻፉልን። እኛ ስለ ካርድና ስለ በቆሎ ስናወራ እርስዎ መጥተው ክሩን ወሰዱት።

ጡረተኛው
ሐምሌ 30

በቆሎውም ደግ ነው ልጄ።

ቁመቴ ይበቃኛል
ነሐሴ 2

የጳጉሜ 3 ዝናብ የት ገባ? ሩፋኤል ቀን የሚዘንበው ጠበል ነው ተብሎ ሴቱም ወንዱም ልጅ ልብሱን አውልቆ ደጅ ይወጣል። "ሩፋኤል አሳድገኝ!" እያልን ነው የምንዘለው። ጎረቤቶቻችን ባልዲና ድስት ደጅ ደርድረው ያጠራቅማሉ። እናቴ ያንን ውሃ ሊጥ ታቦካበት ነበር፤ በረከት አለው ትላለች።

የኛ ሰፈር ችግሩ ቀኑ ሲደርስ አንዳንዴ ፀሐይ መሆኑ ነው። ልብሳችንን አውልቀን፣ ቆመን፣ ሰማይ ሰማይ እያየን። የማይዘንብ ከሆነ ማን ቀድሞ ይልበስ? ማንም አይለብስም። ብርዱ ሲበረታ እናቶች መጥተው በጆሯችን ያስገቡናል።

ያን ሁሉ ዘልዬ አንድ ሜትር ከሃምሳ ላይ ቆምኩ። ታናሽ ወንድሜ ትኩሳት ይዞት ከቤት አልወጣም ነበር፤ ዛሬ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል።

ሰቆጣ
ሐምሌና ነሐሴን እየቆጠርኩ፣ ነሐሴ 3

ለኔ ሻደይ ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ እስከ 21። ትግራይ አሸንዳ ይሉታል፣ ላስታ ሶለል። ልብሱንና ጨዋታውን ብዙ ሰው በቴሌቪዥን ያውቀዋል፣ ስለዚህ እሱን ልለፈው።

የማይታየው ሣሩን መቁረጡ ነው። ረጅሙ ሻደይ ሣር ወንዝ ዳር ይገኛል። ቀደም ብለን ቡድን ሠርተን እንሄዳለን። ጥሩ ቦታ የሚያውቅ ለሌላ ቡድን አይናገርም፤ እህት ለእህት እንኳን ትደባበቃለች። ቆርጠን እርጥብ ጨርቅ ውስጥ እንጠቀልለዋለን፣ ከደረቀ ወገብ ላይ አይወዛወዝም። ሌሊቱን ቤት ውስጥ ሲያድር ክፍሉ ሁሉ ወንዝ ወንዝ ይሸታል። በዓሉ ሳይጀምር እኔ ጠግቤ ነበር።

የቴሌቪዥኑ ቤት
ነሐሴ 4

ሰፈሩ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው እኛ ቤት ብቻ ነበር። ጥቁርና ነጭ። የልጆች ፕሮግራም ሲደርስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይመጣል። እናቴ ጭቃ አላስገባም ስላለች ጫማ በር ላይ ይወልቃል። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነገሩን። በየሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በር ላይ ስንት ኮንጎ ጫማ እንደተከመረ አስቡት።

ሲያልቅ ግርግር ነው። ጫማው ሁሉ ኮንጎ፣ ሁሉም ጥቁር። ታናሽ ወንድሜ አንድ ክረምት ሁለት ግራ እግር አድርጎ ከረመ። የሁለት ቀኙ ባለቤት ማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በየቀኑ ኳስ አብረው ይጫወታሉ። ግን ተኮራርፈው ስለነበር ቀድሞ "እንቀያየር" የሚል ጠፋ።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ሲያርፉ ወንድሜ ደወለልኝ። ስለ ተረቱ ያወራኛል ብዬ ነበር። "ያ ሌባ ጫማዬን እንደያዘ ነው" አለኝ።

ነገ ሥራ አለኝ
ነሐሴ 5

ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን የዛሬ ልጆች ምን ሊያወሩ ነው? ቀኑን ሙሉ ስልክ። የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት። ውጭ አይወጡ፣ አይቆሽሹ።

ካፊያ
ነሐሴ 5

ይኸው ለሌላ ቀን አቆዩት ያልኩት መጣ።

በነገራችን ላይ አልስማማም። ባለፈው መብራት ሲጠፋ ልጄ ሻማ ላይ በእጇ የግድግዳ ጥላ ስትሠራ አመሸች። ውሻ ሠራች፣ ግመል ሠራች፣ "ይሄ አንቺ ነሽ" ብላ አፏ ትልቅ የሆነ ነገር ሠራች። መብራቱ ሲመጣ ተቆጣች። ከሃያ ዓመት በኋላ እዚህ መጥታ ብትጽፈው አይገርመኝም። ስሜን እንዳታነሳ ብቻ።

ሦስተኛ ፎቅ
ነሐሴ 6

ወገኖች፣ ትዝታ ሳይሆን ጥያቄ ይዤ መጣሁ። ክሩ ስለተጋጋለ እዚሁ ልጠይቅ።

እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። የኛ ክረምት ሙቀት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ጥላ ይፈልጋል። ጅራፍ ሲጮህ በፊልም እንጂ በአካል አላውቅም። አሁን አዲስ አበባ ነኝ፤ ቡሄ ደርሷል፤ የስምንት ዓመት ልጄ "ጅራፍ ሥራልኝ" አለኝ። ከምን ነው የሚሠራው? እንዴት ነው የሚጮኸው?

አራሚው
ነሐሴ 6

መጣህልኝ። ቃጫ ፈልግ። ገመድ የሚሸጡበት ተራ አይጠፋም። ውሃ ውስጥ ነክረህ አለስልሰው፣ ካልሆነ እጅ ይቆርጣል። ሦስት ቦታ ከፍለህ ጎንጉነው። እጀታው ጋ ወፍራም ይሁን፣ ወደ ጫፍ ሲሄድ እየቀጠነ። ከጉንጉኑ ትንሽ ትንሽ ቃጫ እያወጣህ ከሄድክ ራሱ ይቀጥናል። ርዝመቱ ከልጁ ቁመት ትንሽ ይብለጥ። መጨረሻው ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ከቋጠሮው በታች ያልተጎነጎነ ጭራ ተውለት። የሚጮኸው እሱ ነው። ጭራ የሌለው ጅራፍ ዱዳ ነው።

አጮኻኙ፦ ከራስ በላይ ታዞረዋለህ። ፍጥነት ሲይዝ ድንገት ወደ ኋላ ትመልሰዋለህ። ጉልበት አይደለም፣ መመለሱ ነው። ሜዳ ላይ ይሁን፣ አጠገብ ሰው አይቁም። ዓይን አደገኛ ነው፣ ቀልድ የለውም።

ፊዚክስ አስተምራለሁ
ነሐሴ 7

@አራሚው ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ ምክንያቱን ልጨምር። ጅራፉ ወደ ጫፍ እየቀጠነ ሲሄድ የእጅህ ጉልበት ለትንሽ ክብደት ስለሚተርፍ ጫፉ እየፈጠነ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ከድምፅ ይፈጥናል፣ በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ። የምንሰማው ጩኸት አየሩ ሲሰነጠቅ ነው። ገመዱ ምንም አይመታም። ሳታቀጥነው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት ካደረግኸው ማስጮኹ ይከብድሃል።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የጅራፉን ድምፅ በደብረ ታቦር ከተሰማው የአብ ድምፅ ጋር ታያይዘዋለች። ክፍል ውስጥ ሁለቱንም እናገራለሁ። ተማሪዎቹ የሚያስታውሱት ግን ጅራፍ ይዤ የመጣሁበትን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ
ነሐሴ 8

በናይለን ገመድስ?

አራሚው
ነሐሴ 8

ይጮኻል። ግን እግርህን ሲያገኝ ቆዳ ይዞ ይሄዳል። ቃጫ ፈልግ።

ሦስተኛ ፎቅ
ነሐሴ 13፣ ማታ

ሪፖርት።

ቃጫ ተገኘ። ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ጎነጎንን። ዛሬ ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረድን። ልጄ ሞከረ፤ ጩኸት የለም። ሞከረ፤ የለም። ከዚያ አንዴ እጁን በንዴት ሲመልሰው ጧ! አለ። ከሕንፃ ሕንፃ አስተጋባ። መስኮቶች ተከፈቱ።

የግቢያችን ጥበቃ እየሮጠ መጣ። ሊያስቆመን ነው ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ጅራፉን ከልጄ እጅ ተቀበለው። ጉንጉኑን በጣቱ ዳሰሰው። "ማን ነው የጎነጎነው? ጭራው በዝቷል" አለ። በጥርሱ ትንሽ ቆረጠለት። ኮፍያውን አውልቆ ለኔ አስያዘኝ። ከዚያ የሠራውን ነገር ልነግራችሁ አልችልም። በቀኝ፣ በግራ፣ እየተራመደ፣ ቁጭ ብድግ እያለ። አንድም ጊዜ አልሳተም።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከየብሎኩ አባወራ ሁሉ ወርዷል። ሸበጥ ያደረገ አለ፣ ሥራ ልብሱን ያላወለቀ አለ። "እኔ ልሞክር፣ እኔ ልሞክር።" ሰልፍ ተያዘ። ከአራተኛ ፎቅ አንዲት እናት ወርዳ "ወንዶቹ ብቻ ነው እንዴ?" ብላ ሰልፉን ቆርጣ ገባች፤ በመጀመሪያው አጮኸችው። ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጦ "አባ፣ የኔ ተራ መቼ ነው?" ይላል። እስኪመሽ አልደረሰውም።

ጥቁር ቦቲ
ነሐሴ 13፣ ማታ

ጥበቃው የየት አገር ሰው ነው?

ሦስተኛ ፎቅ
ነሐሴ 13፣ ማታ

ጠይቄው ነበር። ደብረ ታቦር። ከተማው ማለት ነው፣ ደቡብ ጎንደር።

አራሚው
ነሐሴ 13፣ ማታ

እንግዲያውስ ጅራፉን እርሱት፣ አይመልስላችሁም። ለልጁ ሌላ ጎንጉንለት፤ ቃጫው ተርፎሃል አይደል?